ሦስት ቀን ያደረ ውሃ

ጋሽ ውብሸት ማረፋቸውን የነገረችኝ ካርቱም ዳር፣ ሶባ የምትኖረው ጎረቤታቸው ናት። ሰላምታም አላስቀደመችም። «አስካለ፣ ጋሽ ውብሸት ሞቱ» አለችኝ። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ወይኔ» አልነበረም።

«ቆጠራችሁ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«አስራ አምስት ቆጥራችሁ ነው ሞቱ የምትሉት?»

«አስካልዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ? እስቲ ቁጭ በይና ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ራሴን የሳትኩ መስሏት ነው፤ አልፈረድኩባትም። እንዲህ ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ ውብሸት መሆናቸውን እሷ በምን ታውቃለች? እሳቸው ባሉበት ቤት ማንም ፍጡር ሳይቆጠርለት ሞተ አይባልም ነበር።

ከሥሩ ልጀምር። ካርቱም ውስጥ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ የግል ላቦራቶሪ፣ እኔ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። ጋሽ ውብሸት ደግሞ በወረቀት ላይ ፈራሽ ነበሩ፤ ሻይ አቅራቢና ተላላኪ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ነው ያልኩት። አገር ቤት ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምረው በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል በእግራቸው የወጡ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ማስረጃቸው እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ የምርመራውን ሥራ እሳቸው ይሠራሉ፣ የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ዶክቶራ ኢጅላል ትፈርማለች፣ ሻዩን አብዛኛውን ጊዜ እኔ አፈላለሁ። ዶክቶራን «ትፈርማለች» ማለቴ ከንቀት አይደለም። ከእሷ ጋር የምናወራበት ዐረብኛ አንቱታ ስለሌለው ለምዶብኝ ነው እንጂ የተከበረች ሴት ናት።

የጋሽ ውብሸት ሥራ የውሃ ቁንጫ ማርባት ነበር። አዎ፣ ቁንጫ። የመጀመሪያ ቀን ሲነግሩኝ፣ «እኛ ከቁንጫ ሸሽተን ከአገር ወጣን፣ እዚህ ደግሞ ይረባል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና አንድ ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡልኝ። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ፣ ውስጧ ጥርት ብሎ የሚታይ ፍጥረት ሽቅብ ዘለል ቁልቁል ሰመጥ እያለች ትዋኛለች።

«ልቧን ታይዋለሽ?» አሉና ማጉሊያውን አቀበሉኝ። አየሁት፤ ይመታል። ከዚያ ቀን ወዲህ በቁንጫ አላሾፍኩም።

የእነዚህ ፍጥረታት ሥራ መቅመስ ነው። አንድ ፋብሪካ የሆነ ኬሚካል ወደ ውሃ ሊለቅ ሲፈልግ፣ መርዝ መሆን አለመሆኑን ከዓሣውም ከሰውም በፊት እነሱ ይቀምሱታል። ጋሽ ውብሸት ከተወለዱ አንድ ቀን ያልሞላቸውን ግልገሎች በመስታወት መምጠጫ እየለቀሙ በየብርጭቆው አምስት አምስት ያደርጋሉ። ኬሚካሉ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በአምስት መጠን ይበጠበጣል፤ ለእያንዳንዱ መጠን አራት ብርጭቆ፣ ሃያ ግልገል። ከዳር ምንም ያልገባባቸው አራት ብርጭቆዎች ይቀመጣሉ፤ እነሱን «ንጹሑ» ይሏቸዋል። ከዚያ ሁለት ቀን መመገብ የለም፣ መነካካት የለም። በማግስቱ አንዴ ይቆጠራሉ፣ በሁለተኛው ቀን መጨረሻ አንዴ ይቆጠራሉ፣ አለቀ።

አቆጣጠሩ ግን የእሳቸው ብቻ ነበር። ብርጭቆውን በስሱ ነቅነቅ ያደርጉና አስራ አምስት ሰከንድ ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልዋኘ «አልተንቀሳቀሰም» ተብሎ ይጻፋል። ሰዓት ግን አያዩም፤ ሰዓት ያየ ዐይን ከብርጭቆው ይነሣል ይሉ ነበር። በምትኩ በሹክሹክታ «እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያሉ በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። የአንድ እጅ አንጓ ሲያልቅ አስራ አምስት ይሞላል።

ዶክቶራ ኢጅላል፣ ጋሽ ውብሸትን «ዓም ውቤ»፣ አጎቴ ውቤ፣ የምትላቸው፣ መጀመሪያ ላይ ደንግጣ ነበር አሉ። «ያ ዓም ውቤ፣ ምንድን ነው የምትደግምባቸው? ሲሕር ነው? መተት?»

«‹ያ ረብ› ነው የምለው፣ ዶክቶራ። በእኛ ቋንቋ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ሰከንዱን ለካች፤ ልክ አስራ አምስት ሆኖ አገኘችው። ከዚያ በኋላ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ራሷ «ኢግዚዮ በል፣ በቀስታ» እያለች ታስተምር ነበር። ስንት እስላም ሱዳናዊ ባልደረባችን በዚያ ቤት እግዚኦታ እንዳደረሰ እግዜር ይቁጠረው።

አንድ ቀን ብርጭቆ ልወስድ ገብቼ፣ «ጋሽ ውብሸት፣ ይቺኛዋ ሞታለች» አልኳቸው።

«አልሞተችም። አልተንቀሳቀሰችም በይ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ሞት ትልቅ ቃል ነው፣ አስካልዬ። እኛ ያየነው አለመዋኘቷን ነው። ያላየሽውን አትጻፊ።»

ሌላው ጉዳያቸው ውሃ ነበር። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በቀጥታ ለቁንጫዎቹ አይሰጥም፤ ክሎሪኑ ይጨርሳቸዋል። በግቢው ኒም ዛፍ ሥር ሦስት ዚር፣ ማለትም ትልልቅ የሸክላ ጋን፣ ደርድረው ውሃውን ሦስት ቀን ያሳድሩታል። ችግሩ የካርቱም ሰው ጥላ ሥር ዚር ካየ ለመንገደኛ የተቀመጠ ነው ብሎ መጠጣቱ ነው። ዘበኛው በየቀኑ ይጨልፋል፣ እሳቸው በየቀኑ ይጮኻሉ።

«ያ ሐጅ! ይሄ የቁንጫ ውሃ ነው!»

«ወላሂ ዓም ውቤ፣ ከቁንጫዎችህ ጋር ብጋራ ምን አለበት? እንዴት ያለ የሚጣፍጥ ውሃ ነው!»

እኔንም አንድ ጠብታ የቧንቧ ውሃ እንዳይነካቸው ብለው መቶ ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ያጠብኩትን ብርጭቆ ሁሉ በመጨረሻ ባደረ ውሃ አለቀልቅ ነበር። ይህን እንዳልረሳሁት ልብ በሉልኝ።

የቁንጫዎቹን ዘር ያመጡት ከሶባ ነው። የሚኖሩት እዚያ፣ ከመስኖ ቦይ አጠገብ፣ በጭቃ ቤት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ከዚያ ቦይ በጣሳ ጨልፈው በሐፍላ፣ በዚያ በተጨናነቀ አውቶቡስ፣ ጣሳውን ታቅፈው አመጧቸው። ቦዩን «የዘመዶቼ አገር» ይሉት ነበር። የሰፈሩ ሰው በአህያ የሚመጣው ውሃ ሲቀርበት ከዚያው ቦይ ይቀዳል፣ ልጆቹም ይታጠቡበታል፣ ፍየሎቹም ይጠጡታል።

እንግዲህ አንድ ቀን የአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ዱቄት በትንሽ ጠርሙስ ሆኖ መጣ። ፋብሪካው እጣቢውን የሚለቅበት ፈቃድ ፈልጓል፤ የሚለቅበት ቦታ ደግሞ ያው የሶባ ቦይ ነው። ጋሽ ውብሸት የቦታውን ስም ከወረቀቱ ሲያነቡ አጠገባቸው ነበርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አነበቡት።

«ይሄ እኔ በር ላይ ነው» አሉ።

ዶክቶራም ገብቷታል። «ዓም ውቤ፣ ውጤቱ መርዝ ነው ካለ እፈርማለሁ። አለቃችን ቢቆጣ ይቆጣ። ግን ሥራው ቀዳዳ እንዳይኖረው። ቀዳዳ ካገኙ በዚያ ይገባሉ» አለቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት ጀመሩ። ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ቆጠራ ነበር። በወፍራሙ አንድም የሚዋኝ የለም። በቀጭኑ፣ ዱቄቱ አለበት ተብሎ እንኳ በማያስታውቀው፣ ከሃያው አስራ አንዱ አልተንቀሳቀሱም። በንጹሑ ግን አስራ ዘጠኙ ይዋኛሉ፣ አንዱ ብቻ ቆሟል።

«አንዱ ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«ምንም። ይኖራል። እስከ ሁለት ይፈቀዳል። ሦስተኛው ከቆመ ግን ሥራው ሁሉ ውድቅ ነው። ዱቄቱ ሳይሆን ውሃችሁ ነው የፈጃቸው ይሉናል፣ እውነታቸውንም ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስከ ነገ ብቻ ቢቆዩልኝ» አሉ። እንዲህ ሲለምኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

ይቺ ቃል ሆዴ ገባች። በዋዜማው ረቡዕ የወሩ ሚካኤል ስለነበረ ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዤ ነበር። ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ውብሸት ዚሩን ሊያዩ ወደ ግቢ ሲወጡ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ንጹሑ ፊት ቆምኩ። አስራ ዘጠኝ ትንንሽ ልብ። «ቅዱስ ሚካኤል፣ እስከ ነገ ብቻ ጠብቅልን» አልኩና በጠርሙሱ ክዳን እየለካሁ ለአራቱም ብርጭቆ አንዳንድ ክዳን ጸበል ጨመርኩላቸው።

አሁን ላነበበው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ለእኔ ግን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ የጸበል በርሜል ረቡዕ ዕለት ከቧንቧ ሲሞላ በዐይኔ አይቻለሁ። ያን ሰሞን ተቅማጥ ስለገባ የከተማው ውሃ ክሎሪን በዝቶበት አፍ ሲደርስ ይሸት እንደነበርም አውቃለሁ። የቧንቧ ውሃ እንደሚፈጃቸውም አውቃለሁ። ግን ቄሱ ጸልየውበት፣ መስቀል ነክቶት ሳለ፣ ጸበልን የቧንቧ ውሃ ነው ብሎ የሚያስብ ክርስቲያን ማን ነው? እኔ አላሰብኩም። የማውቀው አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ የማምነው ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ዓርብ ዕረፍት ቢሆንም ሦስታችንም መጣን። ጋሽ ውብሸት ከንጹሑ ጀመሩ። ነቅነቅ አደረጉና «እግዚኦ፣ እግዚኦ» አሉ፤ እጃቸው እስኪያልቅ። ከዚያ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ብርጭቆውን ደግመው ነቀነቁና እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። ከሃያው ሁለት ብቻ ዋኙ።

አንዱን ብርጭቆ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ቆዩ። መልሰው አስቀመጡት።

«ዶክቶራ» አሉ፣ «የእኔ ጥፋት ነው። ውሃው ሳያድር ቀዳሁ።»

«ሙስተሒል! ሊሆን አይችልም! አንተ? ዓም ውቤ፣ አንተ ውሃ ሳያድር?»

«አርጅቻለሁ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እኔም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ አልተገለጠልኝም ነበር፤ «ሳያድር» ያሉት ቃል ነው እንደ ጥፊ ያነቃኝ። በርሜሉም፣ ቧንቧውም፣ ሽታውም ባንዴ ተገጣጠመ። ጋሽ ውብሸት ግን ሳያዩኝ፣ በአማርኛ፣ «አስካልዬ፣ ብርጭቆዎቹን እጠቢ» አሉኝ። አጠብኳቸው። አንድ በአንድ፣ እስኪጠሩ ድረስ።

እሑድ ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ማለት ነው፣ አባረራቸው። ፋብሪካው ሁለተኛ ጠርሙስ አልሰጥም አለ፤ ዱቄቱን ሌላ ቦታ ወስዶ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። እጣቢው በዚያው ዓመት ቦዩ ውስጥ ገባ። እኔም ዝም አልኩ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በላቦራቶሪው ስም ነበር፤ ያለ ኢቃማ መንገድ ላይ መገኘት ደግሞ በከሻ፣ በዚያ ስደተኛ በሚያፍሰው የፖሊስ መኪና፣ መጫን ነው። ይህ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን አያጽናናኝም።

ጋሽ ውብሸት ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ፣ መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግተው ያገለገለ መነጽር መሸጥ ጀመሩ። የገዢውን ዐይን በጣታቸው ከፍተው ያዩና «ያ ሐጃ፣ ይሄ አይሆንሽም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» ብለው ገዢ የሚመልሱ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሄድኩ ቁጥር የምናገረውን አዘጋጅቼ እሄዳለሁ። ገና ሳልቀመጥ «ግልገሎቹስ?» ይሉኛል።

«ደኅና ናቸው።»

ውሸት ነበር። እሳቸው በሄዱ በወሩ፣ በዚያ ሙቀት መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ፣ ዘሩ በሙሉ አለቀ። አንዱን ውሸት ሳልናዘዝ ሌላ ጨመርኩበት።

አቤቱታ መጻፉን አላቆሙም። በዐረብኛ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ ስለ ቦዩ ጽፈው ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ። በአንዱ ቢሮ አብሬያቸው ገብቻለሁ። ጸሐፊው አንብቦ ሲያበቃ ቀና ብሎ፣ «አንተ ምንድን ነህ፣ መሐንዲስ ነህ?» አላቸው።

«ፈራሽ ነበርኩ።»

«ውሃ ሳታሳድር ተሳስቻለሁ ያልከው አንተ አይደለህም? እዚህ ፋይሉ ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። በረንዳው ላይ ክንዳቸውን ያዝኩና «ጋሽ ውብሸት…» አልኩ። «ያላ፣ ሐፍላው እንዳያመልጠን» አሉኝ። አንዲት ቃል ከእሳቸው ወይም ከእኔ ብትወጣ ያ ፋይል ይለወጥ ነበር። አልወጣችም።

በበጋው ሶባ ስሄድ ቦዩ ዳር ወሰዱኝ። በብርጭቆ ቀዱና ወደ ፀሐይ አነሡት። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ያስፈራኝ ጥራቱ ነው። እግዚኦታቸውን አስራ አምስት አደረሱ።

«አልተንቀሳቀሱም?» አልኩ፣ እንዳስተማሩኝ።

«የሉም» አሉ። «የሉም ሌላ ቃል ነው።»

አጠገባችን አንዲት ሴት በጀሪካን ትቀዳ ነበር። ጋሽ ውብሸት በዐረብኛ «እሕቴ፣ ለመጠጥ አታድርጊው» አሏት። «ታዲያ ምን ልጠጣ?» አለቻቸው።

በሁለተኛው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ከምን እንደመጣ አልተናገሩም፣ እኔም ያላየሁትን አልጽፍም። ሶባ ሆስፒታል ተኙ። ፊታቸው አብጦ፣ እጃቸው ቀጥኖ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አገኘኋቸው። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ጸበል ይዤላቸው ነበር፤ በዚያው ዓይነት የላስቲክ ጠርሙስ። ክዳኑን ከፍቼ ላጠጣቸው ጎንበስ ስል ጠርሙሱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ፈገግ አሉ።

«ሦስት ቀን አሳድረሽዋል?» አሉኝ።

ያን ያህል ጊዜ፣ ሱቅ ዐረቢ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ያ ጸሐፊ «ታዲያ?» ሲላቸው፣ ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር።

«አውቀው ነበር?»

«ሸተተኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦርሳሽ ውስጥ ምን እንደሚኖር ማን ያጣዋል?»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ቦዩ… ያ ሁሉ ሰው…» ማልቀስ ጀምሬ ስለነበር አልጨረስኩትም።

«ሸተተኝ እንጂ አላየሁም» አሉ። «ያላየሁትን አልናገርም።» ትንሽ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «አንቺን ከሻ ሲጭንሽ ግን አያለሁ። እሱን ማየት አልቻልኩም» አሉኝ። ቀጥለው ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ፣ ቦዩ ወዳለበት ወገን መለሱ። «ልክ አደረግሁ አልልሽም። አላውቀውም።»

ይቅር በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅርታውን አልከለከሉኝም። ጸበሉን ግን በእጃቸው መለስ አደረጉት፤ እንደ ቀልድም፣ እንደ ቁም ነገርም አድርገው፣ «ሂጂና አሳድሪው። ያን ጊዜ እጠጣለሁ» አሉኝ።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ፣ ትንሽ ዚር አለችኝ። በዚያኑ ቀን አጥቤ ጸበሉን ገለበጥኩባት፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈንኳት፣ ጥላ ሥር አኖርኳት። ሦስት ቀን ወደፊት ቆጠርኩና መጠበቅ ጀመርኩ። ጎረቤታቸው የደወለችልኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። «ቆጠራችሁ?» ያልኳትም ለዚህ ነበር፤ ምናልባት ተቻኩለው ይሆናል፣ ምናልባት ደግሞ ነቅነቅ ያደረጋቸው ሰው የለም ይሆናል ብዬ። ሆስፒታሉ ደርሼ አጠገባቸው ቆምኩ። እጃቸውን ያዝኩና በራሳቸው ጣት፣ በራሳቸው አንጓ ላይ፣ ቀስ ብዬ እግዚኦታውን አደረስኩ። አስራ አምስት ሞላ። ደግሜ ከአንድ ጀመርኩ።

የቀበርናቸው በሁለተኛው ቀን ነው። ውሃው የደረሰው በሦስተኛው።